መሸነፍ የማያስፈራበት ምርጫ

በስዊዘርላንድ በረገንስዶርፍ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



 የከተማ ምክር ቤት ምርጫ የሚለው ርእስ ሲሰሙት ደረቅ ይመስላል። ሆኖም በአገራችን ምርጫ ልባችን ለምን ደጋግሞ እንደተሰበረ ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ከዚህ በባቡር ከግማሽ ሰዓት በታች ከምትርቀው ከዙሪክ ቢጀምር ብዙ ይማራል።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2022 የዙሪክ መራጮች 125 ወንበር ላለው የከተማቸው ምክር ቤት ድምፅ ሰጡ። ቆጠራው ሲያልቅ ከግራው ወገን ሶሻል ዴሞክራቶች 37፣ አረንጓዴዎቹ 18፣ አማራጭ ዝርዝር የሚባለው ፓርቲ ደግሞ 8 ወንበር አገኙ። ድምሩ 63 መጣ። በማዕከልና በቀኝ ያሉት አምስት ፓርቲዎች ተደምረው 62 ሆኑ። ከዚያ በፊት በ2018 በተደረገው ምርጫ ግራው 69 ወንበር ነበረው፤ አሁን ስድስቱን አጥቶ የትልቋ የስዊዝ ከተማ አብላጫነት በአንዲት ወንበር ላይ ተንጠለጠለ። በማግስቱ ሰኞ ትራሙ እንደ ወትሮው ሄደ። ሱቁን የዘጋ ነጋዴ፣ ልጁን ከደጅ የከለከለ ወላጅ አልነበረም። ያሸነፉትም የተሸነፉትም እዚያው ምክር ቤት ገብተው ስለ በጀት መከራከር ጀመሩ።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ምርጫ በሰለ የሚባለው ተሸናፊው በሰላም ቤቱ ገብቶ፣ ሥራውን ሳያጣ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ መዘጋጀት ሲችል ነው። ይህን ልማድ ደግሞ ሕዝብ የሚለምደው ከታች፣ ከሰፈሩና ከከተማው ምክር ቤት ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለን። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ሌብነትን ለመንቀፍ ነው። እኔ ግን ከተረቱ ውስጥ ፍርሃት ይሰማኛል። ሹመት አንዴ ከሄደ የማይመለስበት፣ ከሹመቱ ጋር ቤቱም፣ መሬቱም፣ ክብሩም፣ አንዳንዴም ነፃነቱ አብሮ የሚሄድበት ኑሮ የወለደው አነጋገር ነው። እንዲህ የሚፈራ ሹም ወንበሩን በድምፅ ብቻ ይለቃል ብሎ መጠበቅ ከሰው ባሕርይ በላይ መጠየቅ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው ሹሙን እንዴት ጻድቅ እናድርገው የሚል ሊሆን አይችልም፤ መሸነፍን እንዴት የሚቻል እናድርገው የሚል ነው።

ዙሪክ ይህን ያደረገችበትን መንገድ እንይ።

የመጀመሪያው የወንበር አከፋፈሉ ነው። ከተማዋ በዘጠኝ የምርጫ ክልል ተከፍላለች። ቀድሞ ወንበር የሚደለደለው በየክልሉ ለብቻው ስለነበር፣ ጥቂት ወንበር ባለው ክልል የሚኖር የትንሽ ፓርቲ ደጋፊ ድምፁ ባክኖ ይቀር ነበር። አረንጓዴዎቹ ይህን አቤቱታ ይዘው ፌዴራል ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ፤ ፍርድ ቤቱም በ2002 እውነት አላችሁ አላቸው። ከዚያ ፍሪድሪኽ ፑከልስሃይም የሚባሉ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ የቀየሱት ስሌት ተወሰደና በ2006 በዙሪክ ከተማ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ስሌት መጀመሪያ የመላ ከተማው ድምፅ ተደምሮ ለእያንዳንዱ ፓርቲ ስንት ወንበር እንደሚገባው ይታወቃል፤ ቀጥሎ ወንበሮቹ ለየክልሉ ይከፋፈላሉ። በመሆኑም ጥቂት ድጋፍ የጠፋበት ፓርቲ የሚያጣው ጥቂት ወንበር ነው። ግራው በ2022 የደረሰበትም ይኸው ነው፤ ተጎዳ፣ ግን አልጠፋም።

ሕጉ ጥብቅ ጎንም አለው። ቢያንስ በአንድ ክልል አምስት ከመቶ ድምፅ ያላገኘ ፓርቲ ምክር ቤት አይገባም። በ2014 የወንጌላውያኑ ፓርቲ ኤ.ፋው.ፔ. በዚህ ምክንያት ያለ ወንበር ቀረ፤ በ2018 ግን በ4 ወንበር ተመለሰ። በዚያው በ2018 ደግሞ በካቶሊኮች የተመሠረተው ሴ.ፋው.ፔ. ስድስት ወንበሩን አጥቶ ከምክር ቤቱ ሙሉ በሙሉ ወጣ። አራት ዓመት ከውጭ ሆኖ ሠራ፤ ሚተ በሚል አዲስ ስም ተወዳደረና በ2022 ስድስቱን ወንበር መልሶ ያዘ። አንድ ፓርቲ ዜሮ ሲወጣ አባላቱ ጫካ አልገቡም፣ አገር ጥለው አልተሰደዱም። የሚቀጥለው ምርጫ መቼ እንደሆነ ስለሚያውቁ በራሪ ወረቀት እያደሉ በየሰፈሩ ዞሩ።

ሁለተኛው ሥልጣኑ ተካፍሎ መኖሩ ነው። የዙሪክን ከተማ የሚያስተዳድሩት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን በቀጥታ የሚመርጣቸው ሕዝቡ ነው። በ2022 አራቱ ከሶሻል ዴሞክራቶች፣ ሁለቱ ከአረንጓዴዎች፣ ሁለቱ ከቀኙ ወገን ከኤፍ.ዴ.ፔ.፣ አንዱ ከአረንጓዴ ሊበራሎች ተመረጡ። ኤፍ.ዴ.ፔ. በምክር ቤቱ ከአናሳዎቹ ወገን ሆኖ ሳለ የከተማዋን ትምህርት ቤቶች የሚመራው መምሪያ፣ እንደዚሁም መብራት፣ ውሃና ትራም ያሉበት መምሪያ በእሱ ሰዎች እጅ ነበሩ። ግራው ከተማውን ይዞ ሳለ እንኳ ተቃዋሚው የልጆቹን ትምህርት ቤት ያስተዳድር ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው አብላጫውን ራሱን የሚያርመው ሕዝበ ውሳኔ ነው። በኖቬምበር 2018 ሶሻል ዴሞክራቶች በምክር ቤቱ ከማንም የሚበልጥ 43 ወንበር ነበራቸው። የሃርድቱርምን የእግር ኳስ ስታዲየም ዕቅድ በግልጽ ተቃወሙ፤ ሕዝቡ ግን ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው። ትልቁ ፓርቲ በራሱ ከተማ ተረታ፤ ሥልጣኑን ግን አላጣም። እንዲህ በየጊዜው በትንሽ በትንሹ የሚሸነፍ ፓርቲ አንድ ቀን በትልቁ ሲሸነፍ አይደነግጥም።

እዚህ ላይ የስዊዝ ዜግነት ያላችሁ ወገኖች ሁላችሁም የምታውቁትን ፖስታ ላንሳ። ለምክር ቤት ምርጫ የሚላከው ፖስታ ሲከፈት የየፓርቲው የእጩዎች ዝርዝር ይወጣል። መራጩ እስክሪብቶ አንሥቶ የማይፈልገውን ስም ይሰርዛል፤ የወደደውን እጩ ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ ከሌላ ፓርቲ ዝርዝር ስም አምጥቶ ይጨምራል። ከዚያ የመራጭነት ማረጋገጫው ላይ ይፈርማል። ፊርማውን የረሳ ሰው ድምፁ አይቆጠርለትም፤ ስንት ድምፅ በዚህ ሰበብ እንደሚባክን እያሰባችሁ ሁሌ ፈርሙ። የአንድን ፓርቲ ወረቀት ይዞ የሌላውን ፓርቲ ሰው ስም በእጁ የሚጽፍ መራጭ፣ ተቃዋሚውን እንደ ጠላት አድርጎ ማየት ይከብደዋል። ወረቀቱ ራሱ ያስተምራል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ከንጋት ጀምሮ ተሰለፈ፤ ሰልፉ ሌሊት ድረስ የዘለቀባቸው ጣቢያዎች ነበሩ። በእናንተም መካከል ያን ቀን የተሰለፋችሁ ትኖራላችሁ። እስከዚያ ከተማዋ በኢሕአዴግ እጅ ነበረች፤ የከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር ነበረው። ቅንጅት ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። በአንድ ቀን ድምፅ የከተማው ምክር ቤት ከአንድ ወገን ወደ ሌላ ወገን ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ። ቅንጅት ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ለከንቲባነት መረጠ። ከንቲባው ግን ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም። በአገር አቀፉ ውጤት ላይ የተነሣው ክርክር ወደ አደባባይ ወጣ፤ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ጥይት ተተኮሰ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ቆጠረ። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ የተፈቱት በሐምሌ 1999 ነው። ከተማዋ ከ1998 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ በሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ቆየች።

ቀጥሎ የሆነውን እዩ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ከተማዋ እንደገና መረጠች። ከዋነኞቹ ተቃዋሚዎች አንዳንዶቹ ከውድድሩ ወጥተው ነበር። ኢሕአዴግ ከ138 ወንበር 137ቱን ያዘ። በሦስት ዓመት ውስጥ ያው 137 ከዚህ ጫፍ ወደዚያ ጫፍ ተወረወረ። በዚያው ዓመት የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ ተደርጎ ስለነበር በመላ አገሪቱ ለአካባቢ ምክር ቤቶች የተመረጠው ሰው 3.6 ሚሊዮን ያህል ደረሰ፤ ተቃዋሚው ያገኘው ወንበር ግን በጣት የሚቆጠር ሆነ። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. 33 ፓርቲዎች ራሳቸውን ከአካባቢ ምርጫ አገለሉ። በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ደግሞ ተራዘመ።

ይህን የማነሣው የቆየ ቁስል ለመነካካት ብዬ አይደለም። የሞቱት ልጆች ስም የሚያቃጥላቸው እናቶች ዛሬም አሉና፣ በጥንቃቄና በአክብሮት ነው የምናገረው። ግን ከሒሳቡ ትምህርት መውሰድ አለብን። ሕገ መንግሥታችን ለፌዴራል ምክር ቤት የደነገገው በአንድ የምርጫ ክልል ብልጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል የሚለውን ሥርዓት ነው፤ በከተማም የሠራንበት ይኸው ነው። በዚህ ሥርዓት በ1997 አዲስ አበባ ውስጥ ኢሕአዴግን የመረጠው ሰው ድምፅ ወደ አንዲት ወንበር ተጨመቀ። ያ ሰው የከተማው ነዋሪ ነበር፤ ድምፁ ግን በምክር ቤቱ አልተሰማም። ሁሉን ያጣ ወገን ሁሉን ለመመለስ ይነሣል። በላዩ ላይ ደግሞ የመንግሥት ቤት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የሥራ ቅጥር ሁሉ ከአንድ ወንበር ሥር ሲሰበሰብ፣ ወንበሩን ማጣት ኑሮን ማጣት ይሆናል።

ከእናንተ አንዱ እንግሊዝም በዚሁ ሥርዓት ትመርጥ የለም ወይ ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። እውነት ነው፤ ጥሩ ጥያቄም ነው። በለንደን ዌስትሚንስተር የሚባለው ክፍለ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 ከተመሠረተ ጀምሮ ወግ አጥባቂዎቹ ለቀውት አያውቁም ነበር። በሜይ 2022 ሌበር ከ54ቱ ወንበር 31ዱን አግኝቶ ወሰደው። በዚያው ቀን ከ1978 ጀምሮ በወግ አጥባቂዎች እጅ የነበረው ዋንድስወርዝም ወደ ሌበር ዞረ። በዌስትሚንስተር 58 ዓመት የገዛ ፓርቲ በአንድ ሌሊት ተቃዋሚ ሆነ፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ የቆሻሻ መኪናው ሾፌር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ግን በነጋታው እንደ ወትሮው ሥራቸው ገቡ። ምክንያቱም ሠራተኛው የምክር ቤቱ እንጂ የፓርቲው አይደለም፤ ቆጠራው ላይ ቅሬታ ያለውም ሰው የሚሄድበት ፍርድ ቤት አለ። ስለዚህ የወንበር አከፋፈል ስሌት ብቻውን አያድንም። ስሌቱ፣ ገለልተኛው ሠራተኛና ዳኛው አብረው መቆም አለባቸው። ከሦስቱ የጎደለ ሲኖር ቢያንስ ሌሎቹ ሁለቱ መጠንከር ይኖርባቸዋል። እኛ በ1997 ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አጣናቸው።

ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ ነው የሚለኝን ግን አልቀበልም። ዕድርን አስቡት። የዕድሩ ዳኛ ይመረጣል፣ ይሻራል። ጸሐፊው ይለወጣል፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በአባላቱ ፊት አስቆጥሮ ያስረክባል። ባለፈው ስብሰባ በአንድ ድምፅ የተሻረው ዳኛ በሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳን ሲተከል ካስማ ይዞ ይገኛል። ማንም ከዕድር ዳኝነት ስለወረደ ብቻ ቀባሪ አያጣም። መሻር የማያስፈራበትን ሥርዓት አባቶቻችንና እናቶቻችን ያለ ማንም አስተማሪ በየሰፈሩ አቁመውልናል፤ የጎደለን ያንን ወደ ቀበሌውና ወደ ከተማው ምክር ቤት ማሳደግ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ቃሉ አለ፤ የሚጠብቀው ሥራችንን ነው።

እንግዲህ ስለ ራሳችን፣ ስለዚህች ስለ ረገንስዶርፍ።

ረገንስዶርፍ በፉርትታል ሸለቆ ያለች፣ ከእርሻ መንደርነት ተነሥታ የከተማ ዳርቻ የሆነች ጌማይንደ፣ ማለትም ራሷን የምታስተዳድር አካባቢ፣ ናት። በአድሊኮን የቆሙት ረጃጅም ሕንፃዎች ስንቱን ስደተኛ እንዳስጠለሉ ታውቃላችሁ። በዙሪክ ካንቶን የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው ከተሞች ጥቂት ናቸው፤ በብዙዎቹ ጌማይንደዎች ምክር ቤቱ የመራጮቹ ጉባኤ ራሱ ነው። ረገንስዶርፍም ለረጅም ዘመን የኖረችው በዚሁ ነው። መራጩ አዳራሽ ገብቶ፣ እጁን አውጥቶ፣ በጀቱንና የግብሩን ምጣኔ ያጸድቅ ወይም ይጥል ነበር። የትምህርት ቤት ግንባታ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የማኅበራዊ ድጋፍ ጉዳይ ሁሉ ወደ ጌማይንደው ይመጣል። የዜግነት ማመልከቻችሁም የሚመረመረው እዚሁ ነው።

በዚህች ጌማይንደ ከነዋሪው ሲሶ የማያንሰው የውጭ ዜጋ ነው። ግብር ይከፍላል፤ ልጅ ያስተምራል፤ ድምፅ ግን የለውም። ጌማይንደዎች ከፈለጉ ለውጭ ዜጎች የመምረጥ መብት መስጠት ይችሉ ዘንድ በሴፕቴምበር 2013 ለካንቶኑ ሕዝብ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ከአራት መራጭ ሦስቱ አይሆንም አሉ። ይህ ያሳዝናል። ነገር ግን የስዊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት ሲጠይቁ እ.ኤ.አ. በ1959 ተመሳሳይ መልስ ነበር የተሰጣቸው፤ ከሦስት ወንድ መራጭ ሁለቱ እምቢ ብሏቸው ነበር። አልተበተኑም፤ ቆይተው እንደገና ጠየቁ፤ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1971 መብታቸውን አገኙ። ተሸንፎ መመለስን ከእነርሱም እንማር።

ድምፅ የሌለው ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። የስዊዝ ፌዴራል ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ለማንኛውም ሰው፣ ዜጋ ላልሆነም ጭምር፣ ለባለሥልጣን አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጠዋል፤ ባለሥልጣኑም አቤቱታውን ተቀብሎ ማወቅ አለበት። የጌማይንደ ጉባኤ ወይም ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ድምፅ ሳትሰጡ በእንግድነት ተቀምጣችሁ መስማት ትችላላችሁ። የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የወላጆች ምክር ቤት ፓስፖርታችሁን አይጠይቅም። በስዊዘርላንድ ዐሥር ዓመት የኖራችሁና ሲ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ የያዛችሁ ደግሞ የቋንቋውን ፈተና አትፍሩት፤ ማመልከቻውን አስገቡ። ዜግነቱን ከወሰዳችሁ በኋላ ግን ያ ፖስታ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አቧራ አይጠጣ።

ከጄኔቭ የመጣችሁ ወገኖቼ የተሻለ ዕድል አላችሁ። ኤፕሪል 24 ቀን 2005 የጄኔቭ ሕዝብ ስምንት ዓመት በስዊዘርላንድ በሕጋዊ መንገድ የኖረ የውጭ ዜጋ በሚኖርበት ኮሙን፣ ማለትም በጌማይንደው፣ እንዲመርጥ ፈቀደ። ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ለግንቦት 7 የተሰለፈችው ከዚያ ልክ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተነጠቀውን ድምፅ ጄኔቭ በነፃ ሰጠችን ማለት ይቻላል። ለመመረጥ ገና አልተፈቀደላችሁም፤ መብቱን ለማስፋት በጁን 2024 የቀረበው ሐሳብ ወድቋል። መምረጥ ግን ትችላላችሁ፤ በኮሙን ጉዳይ ላይ የሕዝብ ጥያቄ ሲነሣ መፈረምም ትችላላችሁ። እንዲህ ሆኖ ሳለ የውጭ ዜጎች የመምረጥ ተሳትፎ ከስዊሳውያኑ ያንሳል። የጄኔቭ ከተማ ምክር ቤት 80 ወንበር አለው፤ የሚመረጠው በየአምስት ዓመቱ ነው። ያንን ዕድል ማሳለፍ ሌላ አምስት ዓመት ዝም ማለት ነው።

ከእኛው ወገን ወንበር ላይ የደረሰም አለ። ኦባላ ኦባላ ከጋምቤላ በልጅነቱ ተሰዶ በኬንያ የስደተኞች ጣቢያ ያደገ ሰው ነው። በኖቬምበር 2020 በአሜሪካ ሚኒሶታ በኦስቲን ከተማ ምክር ቤት ተመረጠ። የአገር መሪ ለመሆን አልተነሣም፤ የሚኖርባትን ትንሽ ከተማ ጉዳይ ይዞ ተወዳደረ። መንገዱ ይህ ነው፤ ከቅርብ ይጀመራል።

ወገኖቼ፣ ስለ ኢትዮጵያ ስናወራ ሁላችንም ስለ ላይኛው ወንበር እናወራለን፤ ማን ይውረድ፣ ማን ይውጣ እንላለን። ልባችን ስለሚቃጠል ነው፤ አልፈርድብንም። ነገር ግን ሥልጣን በሰላም መለዋወጥን ያልተለማመደ ሕዝብ ትልቁን ወንበር ሲለዋወጥ ደም ይከፍላል። እዚህ ያለን ሰዎች ይህን ልምምድ በየዕለቱ የምናየው፣ ብዙዎቻችንም የምንሳተፍበት ነን። በማኅበሮቻችን፣ በዕድሮቻችን፣ በቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤና በመስጊድ ኮሚቴዎቻችን መሪ ሲለወጥ የተሸነፈው ወገን ተቆጥቶ ሌላ ማኅበር የሚከፍትበትን ልማድ እንተው። የወረደው ሰብሳቢ በአዲሱ ኮሚቴ ውስጥ ወንበር ይኑረው፤ ሒሳቡ በሁሉ ፊት ይቆጠር፤ የሚቀጥለው ምርጫ ቀን ዛሬውኑ ይጻፍ። ይህን ያደረገ ማኅበር ለአገሩ የሚጠቅም ትምህርት አስተማረ እላለሁ። ለልጆቻችን «ተሸንፈን ነበር፤ ተመልሰን ተወዳደርን» ብለን በኩራት መንገር ስንችል፣ ኢትዮጵያም ወደዚያ መንገድ መግባት እንደምትችል እኛው ምስክር እንሆናለን።